የቆረጥኩት የመጨረሻው አንቀጽ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው መሳደቤን፣ የሰው ሚስት መመኘቴን ሳይቀር ዘክዝኬ ነግሬያቸው፣ እዚህ ላይ ስደርስ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። እንግዲህ ፊትህን የማላይህ አንባቢ፣ አንተው ስማኝ። እኔ እትዬ የሺን ገድያለሁ። በእጄ አልነካኋቸውም፤ በአፌ ግን ገድያቸዋለሁ። ከዚያም ሞታቸውን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ጭኜ እስከ ዛሬ በሰላም ኖሬያለሁ። በሰላም? እስቲ ይሁን፣ በሰላም እንበለው።

አዲስ አበባ ወደ ገበሬው ማሳ ትሰፋለች በተባለበት፣ በማስተር ፕላኑ ረብሻ ዓመት ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ቤቷን ያከራዩኝ እትዬ የሺ ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው ከሱቄ ኋላ ባለው ግቢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ አንዲት ልጃቸው ሒሩት አዲስ አበባ ባል አግብታለች። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ስማር በሁለተኛው ዓመት ውጤት ያባረረኝ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ይህን አያውቅም። ተመርቆ ሥራ ያጣ ምሁር አድርገው ያዩኝ ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም። ውሸቱ ከዚያ ይጀምራል መሰለኝ።

በየሳምንቱ ሰኞ፣ ሱቄን ስከፍት፣ መስታወቱ ላይ አንድ ወረቀት እለጥፍ ነበር። «ሳይንስ ምን አገኘ?» ይላል ርእሱ። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም ያስነብባል። የፕሉቶን ፎቶግራፍ ስለጥፍ ጎረቤታችን ኦቦ ደቻሳ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ አዩትና «እዚያስ ማስተር ፕላን አልደረሰም?» ብለው ሰውን በሳቅ ገደሉት። ማሳቸው ከከተማው በታች ነው፤ ዛሬ ተለካ፣ ነገ ተለካ እየተባለ እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው። ማርስ ላይ የውኃ ምልክት ተገኘ ብዬ ስጽፍ ደግሞ አንዲት ባለ ጀሪካን «እኛ ቧንቧ ካየን ሁለት ሳምንታችን፣ አንተ ማርስ ታጠጣለህ!» አለችኝ። ደስ ይለኝ ነበር። «ሳይንቲስቱ» ይሉኛል፤ በቀልድ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን ከቀልዱ በታች ያለችውን አክብሮት እየፈለግኩ እለቅም ነበር።

አሠራሬን ልንገርህ፣ ጥፋቱ እዚያ ውስጥ ነውና። ዜናውን ከኢንተርኔት በእንግሊዝኛ አወርዳለሁ፣ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ቆሞ በመስታወት ለሚያነብ ሰው ፊደሉ ትልቅ መሆን አለበት፤ ወረቀቱም አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጨረሻው እቆርጣለሁ። የሳይንስ ዜና ደግሞ ልማድ አለው፤ ደስታውን ከላይ ይነግርህና «ገና ነው፣ አልተረጋገጠም፣ ሰው ላይ አልተሞከረም» የሚለውን ከታች ያስቀምጠዋል። እኔ ለዓመታት ደስታውን ስለጥፍ ጥርጣሬውን ስጥል ኖሬያለሁ። ሳላውቅ ነው? አይደለም። ጥርጣሬው ሰው አይሰበስብም፤ ይህን በደንብ አውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ስለ አብሽ ለጠፍኩ። ተመራማሪዎች አብሽ የደም ስኳርን ሲያወርድ አይተዋል የሚል ነው። ያዩት በአይጥ ላይ ነበር። የመጨረሻው አንቀጽ ይህ ለሰው እንደማይበቃ፣ ማንም መድኃኒቱን እንዳይተው በግልጽ ይላል። ቆረጥኩት። ሰው እንደዚያ ተሰብስቦ አንብቦልኝ አያውቅም፤ አብሽ የሌለበት ቤት የለማ! እትዬ የሺም መጥተው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። «ተመስገን፣ ከዚህ መርፌ የሚገላግለኝ ነገር ሊመጣ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አይጡን ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ገመቹ መጣ። ባዮሎጂ ተማሪ ነው፤ ትምህርት ተቋርጦ ቤቱ ገብቶ ያባቱን ባጃጅ ይነዳ ነበር። ወረቀቱን አነበበ፣ ስልኩን አወጣ፣ ዋናውን ጽሑፍ አገኘው። ሰው ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ፣ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? አይጥ ላይ እኮ ነው የሞከሩት» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። የቆሙት ግን ሳቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ «የአይጥ ሐኪም!» አለኝ። በቃ፣ ስሜ ያ ሆነ። እኔስ ምን አደረግኩ? አንዲት መስመር መጨመር ስችል ወረቀቱን እንዳለ ተውኩት። በገመቹ ላይ ግን ቂም ያዝኩ። ጨርሶ የማይጀነን፣ እኔ ያልጨረስኩትን ትምህርት የሚማር ልጅ። ጠላሁት። ይኸው ተናገርኩት፣ ጠላሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሚኒባስ ጠፋ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ተኩስ ይሰማል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሁለተኛው ቀን የእትዬ የሺ ኢንሱሊን አለቀ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩላቸው፤ የለም አሉኝ። አዲስ አበባ ይገኛል፣ አዲስ አበባ ግን የሌላ አገር ያህል ርቃ ነበር።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ተመልሼ አጠገባቸው ሳለሁ፣ ገመቹ ወደ ግቢያቸው ገባ። መንገድ የዘጉትን ልጆች ያውቃቸዋል፣ አብሯቸው ውሏል፤ ያንን አልክድለትም። «እትዬ፣ እኔ ካለሁ ያሳልፉዎታል፤ ከእንጦጦ አዲስ አበባ የሚያደርስ መኪና አገኝልዎታለሁ» አላቸው። እሳቸው ፈሩ። ተኩሱን ፈሩ፣ ዳገቱን ፈሩ። ወደ እኔ ዞረው «ያ የአብሹ ነገር፣ መንገዱ እስኪከፈት አያቆየኝም?» ብለው ጠየቁኝ።

ገመቹ ቀደመኝ። «እትዬ፣ እሱን እርሱት፤ አይጥ ላይ የተሞከረ ነው» አለ።

አየህ፣ እዚህ ጋ ነው። ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው። «እውነቱን ነው፣ ይሂዱ» ብል አለቀ፤ እሳቸው በሕይወት፣ እኔም የአይጥ ሐኪም። ሁለቱን መዘንኩና እንዲህ አልኩ፦ «ያ የድሮው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ላይም ተሞክሯል። አዲስ ወጥቷል፤ አንብቤዋለሁ። ለሳምንት ያህል ያቆያል።»

ምንም አዲስ አልወጣም። ምንም አላነበብኩም። ገመቹ ስልኩን አውጥቶ እንዳያሳጣኝ ኢንተርኔት የለም፤ ይህንን አውቄ ነው የዋሸሁት። እሱም «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። አፌን ሞልቼ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እትዬ የሺም «እሱ ያነበበ ሰው ነው፤ አንተ ሂድ ልጄ፣ ጋላቶማ» አሉት። ምስጋና በኦሮምኛ ሲሆንለት ደስ እንደሚለው ያውቃሉ። ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። በዚያ ምሽት ወታደር ከተማው ውስጥ ገባ፤ ገመቹም እንደ ሌሎቹ ወጣቶች ገጠር ዘመድ ቤት ተሸሸገ።

አብሹን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ውኃ ውኃ ሲሉ ዋሉ፣ አስመለሳቸው። «ምን ሆንኩ?» ሲሉኝ «ሰውነትዎ እየለመደው ነው» አልኳቸው። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ሽታ ሸተተኝ። ኢንሱሊን ያጣ ደም ሲመረዝ የሚመጣ ሽታ እንደሆነ አንብቤ ነበር! ያነበብኩትን ለአንድ ጊዜ እንኳ ለበጎ ብጠቀምበት ምን ነበረበት? ያኔም ሮጬ ሰው መጥራት፣ ኦቦ ደቻሳን መቀስቀስ፣ በቃሬዛም ቢሆን ማስወጣት ይቻል ነበር። ከጠራሁ ግን ምን አጠጣሃቸው እባላለሁ። ተቀመጥኩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ግንባራቸውን በውኃ አረጥብ ነበር፤ ጎረቤትም በበሩ አልፎ ሲያየኝ «እግዜር ይስጥህ» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልነቃ ሲሉ ጮህኩ። ሰው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፤ እዚያው አረፉ።

መንገዱ ሲከፈት ሒሩት እየጮኸች ደረሰች። ድንኳን ተጣለ። «ለናቴ መድረስ የሚችል አንድ ሰው ጠፋ?» ትላለች። ከለቀስተኛው አንዱ «የኦቦ ደቻሳ ልጅ ባጃጅ ነበረው፤ እሱም ከዘጊዎቹ ጋር ነው» አለ። ሒሩት ወደ እኔ ዞረች። «እናቴን ያስታመመ» ብላ እጄን ይዛኛለች። «ገመቹ መጥቶ ነበር?» አለችኝ።

«መጥቶ ነበር» አልኳት። «ሳይወስዳቸው ሄደ።»

ቃሉ አንድም ሐሰት የለበትም። እዚህም የቆረጥኩት መጨረሻውን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ከተማውን አዳረሰ። ገመቹ መንገድ ዘግቶ ሴትዮዋን ገደላት፣ ተባለ። በእኛ አገር ደመኛ እንኳ ለቅሶ ሲደርስ አይከለከልም። ኦቦ ደቻሳ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የሃያ ዓመት ጎረቤታቸውን ሊያለቅሱ ሲመጡ የሒሩት ዘመዶች ከድንኳኑ በር መለሷቸው። አየሁ። ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ተመለሱ።

ከሳምንት በኋላ ገመቹ ተያዘ። ያን ጊዜ ስንቱ ወጣት ተይዟል፤ በእኔ ቃል ይሁን በሌላ አላውቅም። አላውቅም እያልኩ ግን ራሴን ላጽናና አልፈልግም፤ ጥቆማው ውስጥ የእትዬ የሺ ስም እንደነበረበት ሰምቻለሁ። ኦቦ ደቻሳ ሱቄ ድረስ መጡ። አንቱ የምላቸው ሰው ጎንበስ ብለው ለመኑኝ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣ አንተ እዚያ ነበርክ። ሊወስዳት እንደመጣ ለሽማግሌ ብቻ ተናገርልኝ። ሌላ አልጠይቅህም» አሉኝ።

«ኦቦ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ የተባባሉትን በደንብ አልሰማሁም» አልኳቸው።

ስለ መጀመሪያው ውሸቴ ምናልባት እልኸኛ ነበርኩ እላለሁ፣ ስለ ሁለተኛው ፈርቼ ነው እላለሁ። ይህኛውን ምን ልበለው? ሽማግሌው ዓይኔን እያዩ ነበር። እንደምዋሽ ያውቁ ነበር። «ዋቀዮ ያውቃል» ብለው ወጡ።

ገመቹ ከወራት በኋላ ተፈታ። ግራ ጆሮው አይሰማም። ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። እኔ ሱቄን ዘግቼ ቡራዩ ገባሁ፤ ጎረቤት ስለ ሳይንስ ሲያወራ ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ ሚስቴ ትምህርት የምጠላ ይመስላታል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ላይ ከገመቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰላም አለኝ። እንደ ሰው ሰላም አለኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። የዚያን ቀን ነገር ግን አላነሣብኝም። ቢሰድበኝ ኖሮ ምን ያህል በቀለለኝ!

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል። ሒሩት በየዓመቱ በእናቷ ሙት ዓመት ትጠራኛለች። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ታስቀምጠኛለች፣ መጀመሪያ ለእኔ ታቀርባለች፣ ልጆቿን «አያታችሁን ያስታመመው እሱ ነው» ብላ እግሬን እንዲስሙ ታደርጋለች። እኔም እሳማለሁ። በኦቦ ደቻሳ በር ስታልፍ ግን ፊቷን ታዞራለች።

ረብሻው ነው ያደረገኝ አልልም፤ በዚያው ረብሻ ውስጥ ነፍሱን አስይዞ በር ያንኳኳ ሰው አለ። እልኬ ነው አልልም፤ እልኩ የእኔው ነው። ይቅርታም አልጠይቅም፤ የምጠይቃቸው ሴት የሉም። አንድ ያልተናገርኩት ነገር ብቻ ቀርቷል፣ እሱንም ለሒሩት ነው የምናገረው።

ሒሩት፣ ገመቹ ያን ቀን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ነበር። ለብርዱ የራሱን ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ ነበር። እናትሽም ፈርተው ቢሆንም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው ተነሥተው ነበር። መልሼ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።