የጠፋው ፍሪሲዮን

ይህን ሳወራ የሚያምነኝ ስላጣሁ ጻፍኩት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአንድ ነጋዴ የተወረሰችውን ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የአባቴ ጋራዥ መጣ። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሯ ይጮኻል፤ እሷን ግን እግረኛ ይቀድማታል።

አባቴ የካምቢዮዋን ዘይት በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

«አቦ ጓድ፣ ዘይቱ ፈስሶ ሊያልቅ ነው፤ የቀረውም አሯል። ካምቢዮው የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።»

ሊቀመንበሩ አጎንብሶ ፔዳሎቹን ቆጠረ። «ሁለት ብቻ? ፍሪሲዮኑን ማን ወሰደው?»

«አውቶማቲክ ናት፣ ጓድ። ማርሽ ራሷ ትቀይራለች፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የላትም።»

«የሕዝብ ንብረት ዘርፈህ ደግሞ ታሾፋለህ? እስከ ነገ ካላመጣኸው ትታሰራለህ!»

አባቴ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ዘይት የሚያፈሰውን የካምቢዮ ማሸጊያ ጎማ ቀይሮ አዲስ ዘይት ሲሞላ መኪናዋ ተፈተለከች። ፔዳሉስ ከየት ይምጣ?

«አባዬ፣» አልኩ፣ «ከወዳደቀው ብረት አንዱን ብትበይድላትስ?»

መጀመሪያ ተቆጣኝ። ቀጥሎ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተፈታ ፔዳል ከነመመለሻ ሞላው በየደላት። ከምንም ጋር አልተገናኘም።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ መኪናዋን ወስዶ ከተማውን ሁሉ ዞሮባት ተመለሰ። ፊቱ በርቷል።

«ይኸው! እኔ ምን አልኩህ? በረረች እኮ!» አለው አባቴን። «ፍሪሲዮኑ ብቻ ትንሽ ይከብዳል፤ እስቲ አላላልኝ።»