ከመስመሩ ጫፍ ያለችው አምፖሌ

በእህቴ እቀናለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ታናሼ ናት፤ ቤቷ ሞላሌ ከተማ፣ ገበያው አፍ ላይ፣ የመብራት ሞተሩ ጎን ነው። የእኔ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ፣ ሽቦው የሚያልቅበት ጋ። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባባ ራት የሚበሉት እኔ ዘንድ ነበር። ከራት በኋላ ኩራዙን ሳስጠጋላቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ እኔ ሱፌን እፈትላለሁ። ከዚያ ሰዓት በቀር በቀኑ ውስጥ የእኔ የምለው አልነበረኝም።

መብራት የመጣልን መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ የአገራችን ሰው ገንዘብ ይዞ ተመለሰና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተር ተከለ። ኢንቨስተር የሚሉት ነገር ያኔ ነው የመጣብን። ወንዶቹ በደቦ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ምሰሶውን አቆሙለት፣ እኛ ጠላውን ጠመቅን፤ እሱም «ከላይ እስከ ታች ለሁሉም እኩል ይበራል» ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል ገባ። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ነበር። በኋላ ግን በዚያው ሞተር ላይ ወፍጮ አስገጠመ። ወፍጮው ማታ ማታ ሲነሳ የእኔ አምፖል ቀልታ ቀልታ የከሰል ፍም ትመስላለች። አባባም አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። እህትሽ ጋ ብርሃኑ ይሻለኛል» አሉና ዳዊታቸውን ይዘው ሄዱ። ራቱም እዚያው ሆነ። እሺ ዓይንስ ይድከም፣ የእኔ ሽሮ ምን አደረገ?

እኔ ነገሩን እንደ መስኖ ነው ያየሁት። ከላይ ያለው ውኃውን ከጠለፈ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። እሷ ደግሞ ሁለት አምፖል አስገብታለች! ሄጄ «መብራቴን ጠጣሽው» አልኳት። እሷ እቴ፣ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣት አንደኛዋን አምፖል ፈትታ በእጄ ሰጠችኝ። የእኔዋ ግን ያው ፍም ናት። አይ ያ ደግነቷ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ አንድ ማታ ወፍጮውን ከሞተሩ የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጠሰና አምፖሌ ቦግ አለች። ጠጪው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለሞተሩ ዘንድ ሄድኩ። «ሞተሩ የግሌ ነው፤ ካልተመቸሽ ኩራዝሽን ለኩሺ» አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ካልኩ የምነቅዝ ሰው ነኝ። ሊያስነሳ ሲያጎነብስ በሩ ላይ ቆምኩና «በሕግ አምላክ! ሽማግሌ ሳያየን እንዳታስነሳው!» አልኩት። በእኛ አገር ይህን ቃል ረግጦ የሚያልፍ ሰው ፊቱን የት ያደርገዋል? እጁን ሰበሰበ። ከተማው ጨልሞ አደረ፤ ግማሹ ሰው እኔን ሲረግመኝ እንዳደረ አውቃለሁ። ይርገመኝ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። ባለሞተሩ «ፈቃድ አለኝ፣ ንብረቴ ነው» እያለ ደጋገመ። ከመካከላቸው አንዱ በመስኖው ወራት የውኃ አባት ሆነው ተራ የሚያስጠብቁ ሰው ነበሩ። «ሞተሩ ያንተ ነው፣ ማን ካደህ?» አሉት። «ምሰሶውን ያቆመው ማን ነው? ምንጭስ ከሰው ማሳ ይፈልቅ የለም እንዴ? ባለማሳው ታዲያ ብቻዬን ልጠጣ ይላል?» እንግዲያው መብራቱም አባት ይኑረው ተባለና እሳቸው ተመረጡ። ከመሸ ወፍጮው አይነሳም፤ የመብራት አባት በፈለጉበት ማታ ሞተር ቤቱ ገብተው ያያሉ፤ ቃሉን ካጠፈ ሁላችንም በአንድ ቀን አምፖላችንን ፈትተን እናስረክበዋለን። ያቺ የመጨረሻዋ ናት ያስደነገጠችው። ዋስ ጠርቶ ሄደ።

ሰኞ ማታ ቤቴ እንደ ቀን በራ። አጎዛውን አራግፌ ከአምፖሏ ሥር አነጠፍኩና አባባን ሄጄ አመጣኋቸው። እሷ ደጇ ላይ ቆማ አየችን። እሰይ! እንኳን አየሽ፣ አልኩ በሆዴ። አባባ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ገለጡ፤ እኔም እንዝርቴን አነሳሁ።

ጥቂት እንደቆየን ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ቀጥ አለ። ከተማው እንዳለ ጨለመ፤ የእሷም ቤት። ተነስቼ ክብሪት በዳበሳ ፈለግሁ። አገኘሁትም፤ ግን አልጫርኩትም። የአባባ ድምፅ አልተቋረጠም ነበር። አንዲት ቃል ሳታደናቅፋቸው፣ ከመዝሙር ወደ መዝሙር፣ በዚያ ድቅድቅ ውስጥ እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

ሲጨርሱ መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ ሲከቱ ሰማኋቸው።

«በይ ልጄ፣ ከዘራዬን አቀብይኝ» አሉ። «እህትሽ ትጠብቀኛለች።»