የዘለላት መስመር

በዓይን ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ በትንቢተ ዳንኤል ያሉትን አራዊት ቆጥሮ እንደተረከበ እረኛ ያውቃቸዋል፤ የገዛ ሸሚዙን ግን አዛንፎ ቆልፏል። አራዊቱ ለሚወክሏቸው ነገሥታት ሁሉ የመውደቂያ ቀን ቆርጦላቸዋል። ሚስቱን ግን ዓይኗ መፍዘዝ ሲጀምር «የእግዚአብሔር መንግሥት ሲመጣ ይበራልሻል» ብሎ ቤት አስቀምጧት ኖሮ፣ ሐኪሙ ዛሬ «ዘግይታችኋል» ብሎ ሸኛቸው።

አሁን አግዳሚው ላይ አጠገቡ አስቀምጧት ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብላታል። ምድረ በዳው አበበ። ከዚያ ጣቱ አንዲት መስመር አልፎ «አንካሳ እንደ ሚዳቋ ይዘልላል» ወደሚለው ተሻገረ።

«አንተ ሰውዬ፣ የዓይነ ስውሮች ዓይን ይገለጣል የምትለዋን ዘለልካት እኮ» አለችው።

«ፊደሉ ደብዝዞብኝ ነው።»

«ግድ የለም፣ እኔ በቃሌ አውቃታለሁ።»

መስመሯን ቀስ ብላ እየደገመች፣ የሸሚዙን ቁልፎች በዳሰሳ ታስተካክልለት ጀመር።