እጇን ማሽን ውስጥ የከተተችው ሴትዮ

ፊልም ቤት ገብቼ የማየው እጅ ነው። ሌላው ፊት ያያል፣ ዳሌ ያያል፣ ሽጉጥ ያያል። እኔ ሰውዬው እጁን እንዴት እንደሚያደርገው ነው የማየው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊደል ሳልቆጥር ስለኖርኩ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ተምረናል ባዮችም ቢሆኑ ብዙዎቹ እንግሊዝኛውን አያነቡትም። እንዳነበበ ሰው መሳቅ ግን ይችሉበት ነበር።

ስንት የካውቦይ ፊልም አየሁ! በንጉሡ ጊዜ ከጉለሌ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ወርጄ፣ ትኬት ቆርጬ፣ ከፊት ወንበር አንገቴን ሰብሬ። አንድም ካውቦይ ላም ሲያልብ አላየሁም። በረት ሲጠርግም አላየሁም። ከብቱን ማን እንደሚያበላው እግዜር ይወቀው፤ ሰዎቹ መጠጥ ቤት በር ላይ ተገትረው ሲታኮሱ ይውላሉ። ቀጥሎ የጣሊያን ጡንቸኞች መጡ። አክተሩ ቤት የሚያህል ቋጥኝ አንሥቶ ሲወረውር ሕዝቡ ያብዳል። እኔ በጉርምስናዬ እንጦጦ ሥር ድንጋይ ፈልጫለሁ። ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ጉልበቱ ይታጠፋል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ያ ሰውዬ ያነሣው ትራስ እንደሚያነሣ ነው። ቋጥኙም መሬት ሲነካ ነጠረ። ነጠረ እኮ! ከኔ በቀር ማንም ልብ አላለውም።

የህንዶቹን ፊልም ባላነሣው ይሻል ነበር፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ በእሱ ትጣላኛለች። እናትየዋ ዓይኗ ጠፍቶ ጡብ ተሸክማ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ አዳራሹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለቅሳል። ጡብ የምትሸከምበት ልብሷ ግን አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ይመስላል። ባለቤቴ መሐረቧን እየጨመቀች «አንተ ልብ የለህም» ትለኛለች። ልብማ አለኝ። ያቺን ሴትዮ ትንሽ አቧራ ቢነሰንሱባት ኖሮ እኔም አለቅስላት ነበር።

ደርግ ከመጣ በኋላ ደግሞ የወዳጅ አገር ፊልም ጎረፈ። ትራክተር ነጂው ጎህ ሲቀድ ጸጉሩ ተበጥሮ ከእንቅልፉ ይነሣል። ስንዴ፣ ታንክ፣ ፈገግታ፤ ታንክ፣ ስንዴ፣ ፈገግታ። እውነት ለመናገር አንዱን ወድጄዋለሁ፤ የጦርነት ፊልም ነው። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተነቀለ ቁልፍ ይተክላል። ክሩን በምራቁ አሹሎ መርፌ ውስጥ አስገባ፣ ሰፋ፣ ጠመጠመ፣ በጥርሱ በጠሰ። ያ ሰው መርፌ ያውቃል። ሲሞት አዘንኩለት።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው በምሳ ሰዓት ነበር። ጉለሌ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነበር የምሠራው። ሳህናችንን ይዘን ግንቡ ሥር ስንቀመጥ «እሺ፣ ዛሬስ የትኛውን ፊልም አረድከው?» ብሎ የሚቆሰቁሰኝ ከአጠገቤ ባለው ማሽን የሚሠራ የቀጨኔ ሰው፣ ወዳጄ ነበር። ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት የለውም። ክር ሲበጠስበት ማሽኑን ሳያቆም ሊቋጥር እጁን ሰደደ፤ ማሽኑ ያዘው። ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ በግራ እጁ መቋጠር ተማረ። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ ክር ከተበጠሰ ማሽን ይቆማል። ካፖው፣ የክፍሉ አለቃ ማለቴ ነው፣ ባይወደውም ዝም ብሎን ነበር።

በመሠረተ ትምህርት ከሥራ በኋላ እየተማርኩ ፊደል ቆጠርኩ። የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ በሳምንቱ የፋብሪካው ካድሬ ጠራኝ።

«ጓድ፣ ፊልም ያውቃል ይሉሃል።»

«አውቃለሁ።»

«እሑድ አዳራሽ ፊልም አለ፤ ስለ አንዲት የሽመና ሠራተኛ። በሠራተኛው ስም አስተያየት የምትሰጠው አንተ ነህ።»

ደስታዬን አልደብቅም። በሃያ ዓመት ውስጥ አስተያየቴን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ባለሥልጣን ነው። እሱ ግን ከመሳቢያው ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አስተያየቴ ነው፤ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ አልቋል።

ደንቡ እንዲያ ነበር። ከፊልም በኋላ ውይይት አለ፤ በውይይቱ ሦስት ሰው ይናገራል፤ ሦስቱም የሚናገሩት ፊልሙን ሳያዩ ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ይህን አውቃለሁ። ስንት ጊዜ በሌሎች ስቄበታለሁ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ማንበብ መቻሌን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ሌላ ሰበብ አላበጅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ተለማመድኩ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማኛለች።

«ፊልሙን አይተኸዋል?»

«ነገ ነው።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ ወደድከው?»

«ዝም በይ! መስመሩን አጠፋሽብኝ!»

እውነቴን ነው። ያን ጊዜ የማነበው በጣቴ ነበር። ጣቴን ከወረቀቱ ካነሣሁ ቦታው ይጠፋኛል፤ ደግሜ እስካገኘው ያልበኛል።

እሑድ ፊልሙ ተጀመረ። የሴትዮዋ እጅ ጫጉላ ቤት የከረመች ሙሽራ እጅ ነው። ክር ተበጠሰባት። ማሽኑ እየሮጠ እጇን ከተተች፣ ቋጠረች፣ ፈገግ አለች። ሜዳልያ ተሰጣት። አዳራሹን የሞላነው ደግሞ ሸማኔዎች ነን! አንዱ ከኋላ «እግዚኦ!» አለ። አንዲት ሴት «እስቲ ጣቷን ቁጠሩላት!» አለችና ሳቅ ተነሣ። የቀጨኔው ወዳጄ አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «እንግዲህ አንተን ነው የምሰማው» አለኝ።

መብራት በራ፤ ስሜ ተጠራ። ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፍኩ። ይህች ጀግና ሠራተኛ ምርት እንዳይስተጓጎል ማሽኗን ሳታቆም የተበጠሰውን ክር መቀጠሏ ለሁላችን አርአያ ነው፣ ይላል። ትናንት ስለማመድ ድምፁን ብቻ ነበር የማሳድደው፤ ነገሩ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ላቆም ፈለግሁ። በአፌ ሃያ ዓመት ፊልም ስተርክ የኖርኩ ሰውዬ፣ ጣቴን አንሥቼ ቀና ማለት አቃተኝ። ቀና ብል መስመሩ ይጠፋል፤ መስመሩ ከጠፋ ያ ሁሉ ሰው ፊት መሃይም ነኝ። መሃይም መባሉን ፈራሁ። ወዳጄ እጅ ላይ የደረሰውን ሳይሆን እሱን! እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ሄድኩ። ተጨበጨበልኝ።

ሰኞ ጠዋት ካፖው ሽመና ክፍል መሃል ቆመ። «ከዛሬ ጀምሮ ለክር ብሎ ማሽን የሚያቆም የለም። ምነው፣ ጓዳችሁ አንብቦላችሁ የለ?» ብሎ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ። ምሳ ላይ ስለ ፊልም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወዳጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ።

በሚቀጥለው ውይይት ሦስተኛው ሰው አንብቦ ሲጨርስ ሳልጠራ ተነሣሁ።

«ጓድ፣ ጽሑፍህ የታለ?» አለ ካድሬው።

«የለኝም። ስላለፈው ፊልም ነው። ያቺ ሴትዮ ማሽን አታውቅም። ፊልሙን የሠራው አያውቅም፤ ወረቀቱን የጻፈው አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ዋሸሁ። ክር ከተበጠሰ ማሽን ይቁም!»

«ቁጭ በል!»

«ማሽን ይቁም!»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ጫማቸውን ነው ያዩት። በማግስቱ ከሽመና አውጥተው ጥጥ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ አደረጉኝ። መጋዘኑ ከሽመና ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ የሚቆም ማሽን ድምፁ ይታወቃል። ጆሮዬን ስቀስር ዋልኩ። አንድም አልቆመ።

ማታ ከፈረቃ ስንወጣ ወዳጄን በር ላይ ደረስኩበት።

«ትናንት ሰማኸኝ?» አልኩት።

«ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼሃለሁ» አለ፣ ያንን እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ እየከተተ። «ስታነብ ግን ድምፅህ የበለጠ ያምር ነበር።»

አቀበቱን ይዞ ወደ ቀጨኔ ወጣ።