አባቴ ያነበበልን መልአክ

ባለፈው ሳምንት ከለቡ መብራት ኃይል በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሕፃን ቦርሳ ላይ ክንፍ ያላት ትንሽ ሴት ተሥላ አየሁ። ይኼን ያህል ዓመት አልፎ፣ ጢሜ ሸብቶ እንኳ፣ ፊቴ ጋለ። የሚያየኝ ያለ ይመስል በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩ።

አባቴ መካኒሳ የአንድ ፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠው፤ በድሮ ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ተረቶች። ሲገለጥ ዝናብ እንደነካው ጆንያ ይሸት ነበር። በየመሐሉ ስስ ወረቀት የለበሱ ሥዕሎች ነበሩት፦ ጭጋግ የዋጠው ጫካ፣ እንጉዳይ ሥር የሚኖሩ ድንኮች፣ ክንፍና ዘውድ። የምንኖርበት ላፍቶ ያኔ ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ ጭቃ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ዓለም መኖሩን የነገረኝ ያ መጽሐፍ ነው። ዛሬም እንዲያ ያለ ተረት እጄ ከገባ ሥራዬን ትቼ አነባለሁ።

አመሻሽ ላይ አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ክንፋም ተሳልሞ፣ «ተረት ተረት» ይለን ነበር። «የላም በረት!» እንላለን። ጣቱን በእንግሊዝኛው መስመር ላይ እያስኬደ በአማርኛ ያነብልናል።

ከሁሉ የምንወደው ክንፋሙ ሕፃን ታቅፎ በመስኮት ሲወጣ የሚያሳየውን ገጽ ነበር። «መልአኩም ሕፃኑን ብርድ ሳይነካው ወተት ወደሚፈስበት አገር ወሰደው» ይላል አባቴ። እናቴ ምስር መልቀሟን ታቆማለች። ታናሽ ወንድሜ አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሳ ነበር በድንገት የሞተብን፤ የት ገብቶ ይሆን የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። «አስገቡት?» ትለዋለች። «በሩን ከፍተው ሲጠብቁት ነበር እኮ!» ይላታል። ያን ዕለት ትተኛለች።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ተረት አምጡ አለችን። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩ፤ ክፍሉ ፊት ቆሜ እንደ አባቴ ሽፋኑን ተሳለምኩና አወራሁ። አስተማሪዋ ተቀብላኝ ገጹን አነበበች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሳቋን ለመዋጥ ታግላለች።

«ይቺ እኮ መልአክ አይደለችም» አለች። «ልጅ ሰርቃ፣ አልጋው ላይ እንጨት ተክታ የምትሄድ የጫካ ፍጡር ናት። ማነው እንዲህ ብሎ የነገረህ?»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼኔ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔን ያሳፈረኝ ግን ሳቁ ብቻ አልነበረም። አባቴ እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማይችል የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ «ወደዱልህ?» አለኝ። «በጣም!» አልኩት። ማታ ግን «ተረት ተረት» ሲል ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ትክ ብሎ አየኝና መጽሐፉን ከደነው። «ዓይኔን ደከመኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን የማይደክመው ቀን ጠፋ። እኔ እሱን ማየት አፍራለሁ፣ እሱ እኔን። እናቴ ደግሞ እንደገና ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድር ጀመር።

አንድ ቀን ጓዳ ጠራችኝ። «የሰፈሩ ልጆች ‹መልአኩ› እያሉ ሲያበሽቁህ ሰማሁ። ጠይቄም ነገሩኝ» አለች። «ክንፍ ያለው ሁሉ መልአክ እንዳልሆነ መች አጣሁት? አሞራም ክንፍ አለው። አባትህ ግን እኔ እንድተኛ ብሎ ነው የሚያነብልኝ። ዛሬ አንተ አንብብልኝ፤ እሱ ባለበት።»

አነበብኩ። እንግሊዝኛው ስለ ሌባዋና ስለ እንጨቱ የሚለውን ዓይኔ ግማሽ ግማሹን ይይዘው ነበር። አፌ ግን ስለ ወተቱ አገርና ስለተከፈተው በር ተናገረ። ስጨርስ መጽሐፉን ከደንኩት።

«አዎ» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «እንዲያ ነው የሚለው።»

ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።