ጥቁሯ ቤጎኒያ አደራ

ያን ቀን ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎቹ እትዬ ውባለምን ይዘዋት ሲወጡ፣ እኔ በራፌ ላይ የጥርስ ብሩሼን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ... አፌ ሙሉ አረፋ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ እሷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እትዬ እላታለሁ እንጂ ብትበልጠኝ አሥር ዓመት ነው። ነርስ ናት። የወሰዷት ወንድሟ ጫካ ገብቷል ተብሎ ነው። እሷ ደግሞ «የት እንዳለ አላውቅም፣ ደብዳቤም ልኮልኝ አያውቅም» ብላ ድርቅ ብላለች።

በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና «አበባዬን አደራ። ሥሯ ውሃ ላይ እንዳይተኛ» አለችኝ።

በቃ። ስለ ቤቷ የለ፣ ስለ እናቷ የለ... ስለ አበባ።

አበባዋ ቤጎኒያ ናት። አበባ እንበላት እንጂ ሰው የሚወዳት ለቅጠሏ ነው። ከላይ ሲያዩት ጥቁር ለመባል ምንም አልቀረውም፣ ሲገለብጡት ደግሞ ቀይ ሥር የመሰለ ቀይ። ሸክላ ውስጥ ተተክላ፣ ሸክላው ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጡብ ላይ ተቀምጧል። ትርፉ ውሃ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ፀሐይ ካገኛት ትቃጠላለች፣ ውሃ ከበዛባት ትበሰብሳለች፣ ካነሳት ታኮርፋለች። እትዬ ውባለም እንደ አራስ ነበር የምትይዛት። እኔም ቆርቆሮውን እንዳለ ተሸክሜ ክፍሌ መስኮት ሥር አስቀመጥኳት።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልዋሽም። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ታይፕ እየመታሁ አንድ ሐሳብ መጥቶ ቀፈደደኝ። ለእስር የሚወስዷት ሰው ስለ አበባ ታወራለች? የሆነ ነገር ብትቀብርበት ነው እንጂ... ያኔ ሰው መጽሐፉንም ወረቀቱንም አፈር የሚያለብስበት ጊዜ ነበር። ፍተሻ መጥቶ ከተገኘ እሷም አለቀላት፣ እኔም አለቀልኝ።

ከሥራ እንደገባሁ በሬን ቀርቅሬ ሸክላውን ከቆርቆሮው አወጣሁና ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። አፈሩን በሹካ በተንኩት፣ በጣቴ አሸሁት። ሥር፣ ጠጠርና አንድ ትል። ሌላ ምንም የለም። እፎይ ብዬ መለስኩት።

እፎይታዬ ሳምንትም አልሞላው። ለካ ሥሯን በጣጥሼዋለሁ። ግንዷ ከታች ላሽቆ ወደቀ። እስር ቤት ሆና የምታስባትን አንዲት አበባ በሹካ ገደልኩባት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እትዬ ውባለም ቤጎኒያዋን ያገኘቻት ለምና ከወሰደችው አንድ ቅጠል ነበር። ቅዳሜ ዘንቢሌን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ከባሕር ዛፍ ሥር አይሆንም፣ ከጽድ ሥር ነው ትል ስለነበር ጽድ ፈልጌ ጥቁሩን አፈር ዛቅኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች «ይቺ ደግሞ አፈር ትሸከማለች» ብለው ሳቁብኝ። ደህና የቀሩትን አራት ቅጠሎች ጅማታቸውን በምላጭ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ አፈሩ ላይ አስተኛኋቸውና ሸክላውን ጡቡ ላይ መለስኩ። ውሃ በማንኪያ ነው የማጠጣው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፍተሻ መጣ። ሦስት ናቸው። ፍራሼን ገለበጡ፣ ሻንጣዬን ዘረገፉ። አንደኛው ረጅም ሽቦ ይዟል። ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አፈሩ አዲስ ነው» አለ። «ምን ቀብረሽበት ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው እወድቅ ነበር። ግን ምንም እንደሌለው በሹካዬ አረጋግጫለሁ። እንዲያውም ለቅጠሎቼ ብዬ ተናደድኩ።

«ቆፍረው ጓድ» አልኩት። «እኔ ራሴ ሙልጭ አድርጌ ፈትሼዋለሁ። ቅጠሎቹን ብቻ አትንካብኝ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ሰውየው ዓይን ዓይኔን አየኝና ሽቦውን አንዴ በዳር ሰደድ አድርጎ አወጣው፣ በሱሪው ጠረገው... ሄዱ።

እትዬ ውባለም ከወራት በኋላ ማስረጃ ጠፍቶባት ተፈታች። ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ፀጉሯ ተላጭቶ መጣች። ተቃቅፈን ተላቀስን። ያኔ ከአራቱ ቅጠሎች ሦስቱ ጅማታቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ጥቋቁር ቡቃያዎች አውጥተዋል። ያደረግኩትን ሁሉ ተናዘዝኩላት።

«ምን ፈልገሽ ነው የቆፈርሽው?» አለችኝ።

«ወረቀት...»

ሸክላውን ቀስ አድርጋ አነሳች። ጡቡንም አነሳች። ከጡቡ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጣች። የወንድሟ ጽሕፈት ነው። ደርሶኝ አያውቅም ያለችው ደብዳቤ!

መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። መሣሪያ ለታጠቁ ሰዎች «ቆፍረው» ማለቴ ነው እኮ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ኖሮ ፊትሽ ይናገር ነበር» አለች። ፊቴን እኔም አውቀዋለሁ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ደብዳቤውን በክብሪት ለኮሰችና አመዱን ለቤጎኒያዋ ሰጠቻት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ጀመረን፣ ማቆም አቃተን።

የዚያች ቤጎኒያ ዘር ይኸው ዛሬም መስኮቴ ላይ አለ። አሁን አበባ አደራ የሚለኝ ሰው ከመጣ ግን፣ አፈሩን አልነካም... መጀመሪያ ጡቡን ነው የማነሳው።