የላዳው ሬዲዮ

«አንቴናው ነው ስልህ!»

«አይደለም ወንድሜ። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ነው ጩኸቱ የሚብሰው። ሞተሩን አጥፋውና ስማ።»

የታክሲው ሹፌር አላመነኝም። ካዛንቺስ መብራት ይዞን እንደቆምን ሬዲዮኑን በጡጫ መታው። ሬዲዮኑ ሽሽሽ ማለቱን ቀጠለ።

ልጅ ሳለሁ የአባቴም ላዳ ታክሲ እንዲህ ይል ነበር። አንቴናው ከተሰረቀ ወዲህ በቦታው የልብስ መስቀያ ሽቦ ሰክቶበታል። አንድ እሑድ ከሰዓት መስቀል ፍላወር ዳር ቆመናል። እናቴ ከፊት ናት፤ እኔ ከኋላ፣ ጭኔ ከጋለው የላስቲክ ወንበር ጋር ተጣብቋል።

«ልቅር ወይስ ልሂድ? አንድ ቃል ተናገር» አለችው።

ገበያ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ ይሄን ላስተካክል።» እጁን በመስኮት አውጥቶ ሽቦውን ወደ ቄራ አዞረው፤ መልሶ ወደ መስቀል አደባባይ።

«ተሳፋሪ ቢጠይቅህ ኖሮ እስካሁን መልሰህለት ነበር» አለችው እናቴ።

መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጠፋ። ሬዲዮኑ ወዲያው ጠራ፤ አንድ ሰው የኳስ ውጤት ያነባል።

«አየሽ! ለካ ከሞተሩ ነው!» ብሎ በደስታ ዞረ።

እናቴ ወርዳለች። አባቴ በር ወርውሮ የሚዘጋን ተሳፋሪ ሁሉ «ቀስ!» እያለ እንደሚቆጣ ታውቃለችና ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እኔና አባቴ ብቻችንን ኖርን።

«እዚህ ጋ አቁምልኝ» አልኩት ሹፌሩን።

አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። «በሩን ቀስ» አለኝ፣ ከሬዲዮኑ ቀና ሳይል።

ወረድኩና ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።